እንዴት ይሠራል? የወረቀት ሽክርክሪትና የጣሪያው ቬንትሌተር

ልጆቻችሁ ከጨረሱት ደብተር አንድ ገጽ ቅደዱ። ይህን ጽሑፍ እጃችሁ ሥራ ይዞ ብታነቡት ይሻላል። ሰመራ ቤታችሁ ቬንትሌተር ሥር ጋደም ብላችሁም ሆነ አዋሽ ሰባት መኪናው እስኪሞላ ሻይ እየጠጣችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ አጠገባችሁ አለ፤ ወረቀት፣ መቀስ፣ አንድ የማሽላ አገዳ፣ አንድ ረጅም እሾህ።

እሾሁን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዋሽ እስከ ገዋኔና ከዚያም በታች የመንገዱን ግራና ቀኝ የወረረውን ፕሮሶፒስ ታውቁታላችሁ። የግጦሽ መሬት ነጥቆ አርብቶ አደሩን ያስለቀሰ ዛፍ ነው። ጎሚስታዎችም ከጎማ ሲነቅሉት ስለሚውሉ እሾሁ ምን ያህል እንደሚጠነክር ይመሰክራሉ። ዛሬ ግን አንዱን እሾህ ለበጎ ሥራ እናውለዋለን። ትንንሽ ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ውጋቱን የእናንተ ድርሻ አድርጉት።

ወረቀቱን አራቱም ጎኑ እኩል እንዲሆን ቁረጡት። ከአራቱ ማዕዘኖች ወደ መሃሉ በመቀስ ግቡ፤ መሃሉ ጋ ለመድረስ ሁለት ጣት ያህል ሲቀራችሁ አቁሙ። አሁን ስምንት ጫፎች አሏችሁ። አንዱን እየዘለላችሁ አንዱን ወደ መሃል እጠፉት፤ ግን አትደፍጥጡት፣ እጥፋቱ እንደ ጎበጠ ይቆይ። አራቱ ጫፎች መሃል ላይ ሲገናኙ በእሾሁ ውጉና አገዳው ላይ ሰኩት። የአገዳው ሆድ ለስላሳ ስለሆነ እሾሁን ግጥም አድርጎ ይይዘዋል።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። በወረቀቱና በአገዳው መካከል ከደረቀ እስክሪብቶ ቱቦ ላይ የተቆረጠ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ እሾሁ ላይ አስገቡ። ያለሷ ወረቀቱ አገዳውን እየታከከ ይቆማል፤ ከእሷ ጋር ግን ትንሽ ትንፋሽ ይበቃዋል። እያንዳንዱ የሚሽከረከር ነገር፣ የባጃጁም ጎማ ሆነ የወፍጮ ቤቱ ሞተር፣ ዘንጉ ላይ እንዲህ ያለ መፋተግን የሚያቀልል ነገር አለው። መካኒኮች ኩሽኔታ የሚሉት ይህን ሥራ የሚሠራውን ነው።

እፍ በሉበት። ዞረ አይደል?

አሁን ሌላ ገጽ ቅደዱና በዚያው መንገድ ቁረጡት፤ ጫፎቹን ግን አትጠፉ። ዝርግ እንዳለ በእሾህ ሰክታችሁ ፊት ለፊት እፍ በሉበት። ይርገበገባል፣ ወደ ኋላ ይለጠጣል እንጂ አይዞርም። ወረቀቱ ያው ነው፣ ትንፋሹም ያው ነው። የጎደለው መጋደሉ ብቻ ነው።

የነገሩ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ጋደል ያለ ገጽ ከፊት የመጣበትን ግፊት ወደ ጎን ይለውጠዋል። የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣት ስትጫኑት ተወርውሮ የሚያመልጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጣታችሁ የሚጫነው ወደ ውስጥ፣ ፍሬው የሚሄደው ወደ ጎን። የሽክርክሪቱ አራት እጥፋቶችም ንፋሱ ወደ ኋላ ሲገፋቸው ወደ ጎን ያመልጣሉ፤ ነገር ግን መሃላቸው በእሾህ ስለታሰረ ማምለጫቸው መዞር ብቻ ይሆናል።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሦስተኛ ወረቀት ውሰዱና ቀደም ሲል የዘለላችኋቸውን ጫፎች አሁን እጠፉ፤ የታጠፉትን ተዉ። ሽክርክሪቱ በተቃራኒው ይዞራል። ልጆቻችሁ ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግቢው ውስጥ ይሩጡ፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ሲዞር ያያሉ። ንፋስ በሌለበት ቀንም ይሠራል። አየሩ ወደ ሽክርክሪቱ ቢመጣ፣ ሽክርክሪቱም ወደ አየሩ ቢሄድ ለእጥፋቱ አንድ ነው።

አሁን ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ።

ቬንትሌተሩ፣ ወይም ብዙ ሰው እንደሚለው ፋኑ፣ ያው ሽክርክሪት ነው። የሚለየው ሥራውን ከኋላ ወደ ፊት መጀመሩ ብቻ ነው። ወረቀቱ ግፊት ተቀብሎ ይዞራል፤ ቬንትሌተሩ በሞተር ዞሮ ግፊት ይሰጣል። አጥፉትና ሲቆም ክንፎቹን ከሥር ተመልከቱ፤ አንዱ ጠርዝ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሏል። ሲዞር የሚቀድመው ከፍ ያለው ጠርዝ ነው። ስለዚህ ያገኘውን አየር ከሆዱ ሥር እያስገባ ወደ ታች፣ ወደ አልጋችሁ ይገፋዋል። ክንፎቹ ዝርግ ቢሆኑ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢዞር እንኳ መጋረጃችሁ በቅጡ አይነቃነቅም ነበር።

ሁለት የጠረጴዛ ቬንትሌተር ማግኘት ከቻላችሁ፣ አንዱን ከጎረቤት መዋስም ይቻላል፣ ከሙከራዎቹ ሁሉ ደስ የሚለኝን ላሳያችሁ። ሁለቱን በአንድ ክንድ ርቀት ፊት ለፊት አቁሟቸው። አንዱን ብቻ አብሩ፤ የሌላውን ሶኬት ንቀሉ። ብዙም ሳይቆይ የተነቀለው መዞር ይጀምራል። አንዱ ኤሌክትሪክ በልቶ ንፋስ ይሠራል፣ ሌላው ያንን ንፋስ በልቶ ይዞራል።

ደግሞ የሚዞርበትን አቅጣጫ ልብ በሉ። ንፋሱ ከፊቱ ስለመጣበት ሁልጊዜ ከሚዞርበት በተቃራኒ ይዞራል። ጀርባውን አዙሩለት፤ አሁን ንፋሱ ከኋላው ገብቶ እሱ ራሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ይሄዳል፣ መዞሩም እንደ ወትሮው ይሆናል። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ቬንትሌተር መብራት በጠፋበት ከሰዓት በኋላ ብቻውን ሲዞር አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ውጭ ያለው ንፋስ ነው ያዞረው።

አየሩ ከየት እንደሚመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላው ነው። ቬንትሌተር አየር አይሠራም፤ ከጀርባው ወስዶ ከፊቱ ያቀብላል። አንድ ቀለል ያለ ሶፍት ከኋላው ጠጋ አድርጉ፤ ሽቦው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከዚያ ጀርባውን በካርቶን ሙሉ በሙሉ ሸፍኑትና ፊቱ ላይ እጃችሁን ዘርጉ። ንፋሱ ይደክማል። የጠረጴዛ ቬንትሌተራችሁን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ ከሆነ የምታስቀምጡት፣ ዛሬ ሁለት ስንዝር ወደ ፊት አምጡትና ልዩነቱን ቅመሱ። የጣሪያውም እንዲሁ ነው፤ ኮርኒሱን ሊነካ ምንም ያልቀረው ቬንትሌተር አየር የሚስብበት ቦታ ያጥረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በሰመራ ሙቀት ለምንኖር ሰዎች ከዚህ በላይ የሚጠቅም እውቀት ያለ አይመስለኝም። ቬንትሌተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም።

የግድግዳ ቴርሞሜትር ካላችሁ ቬንትሌተሩ ከመብራቱ በፊትና ከበራ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንብቡት። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ከሆነ ቁጥሩ አይወርድም። እንዲያውም በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል፤ ሞተሩ ራሱ ይሞቃልና። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ከሌለ ደግሞ ቀን ሙሉ የተጠራቀመውን ትኩስ አየር ከላይ ወደ ታች ያመጣዋል። ታዲያ ሥሩ ስንቀመጥ እፎይ የምንለው ለምንድን ነው?

መልሱ ቆዳችን ላይ ነው። ቆዳን የተጠጋው ስስ የአየር ሽፋን ከሰውነታችን ሙቀትና ላብ እየወሰደ ቶሎ ይሞላል። ከሞላ በኋላ ሌላ አይቀበልም፤ ላባችንም መሄጃ አጥቶ ይንጠባጠባል። ቬንትሌተሩ ያንን የጠገበ ሽፋን ጠርጎ በምትኩ ደረቅ አየር ያመጣል። ላቡ ይተናል፤ ሲተን ደግሞ የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከቆዳችን ነው።

የሚወስደው ሙቀት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢተን የሚወስደው ሙቀት፣ አንድ ሊትር የ20 ዲግሪ ውሃ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ያህላል። ሻይ የምታፈሉበትን ከሰል አስቡትና በሰባት አባዙት። ሰውነታችን በሰመራ ቀትር ይህን ሥራ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ከእኛ የሚፈልገው ውሃ መጠጣት ብቻ ነው።

ይህንንም በሁለት ሃይላንድ መሞከር ይቻላል። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶችን ከአንድ ጄሪካን ሙሏቸው። አንዱን እርጥብ ካልሲ አልብሱት፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ሁለቱንም ቬንትሌተሩ ፊት አቁሟቸው፤ ካልሲው ሲደርቅ እንደገና አርጥቡት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሁለቱም ጠጡ። እርጥብ የለበሰው ይቀዘቅዛል። ያልለበሰው እንደ ክፍሉ ሙቀት ነው፤ ቬንትሌተሩ ምንም አላደረገለትም፣ የሚተን ነገር የለውምና።

የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ጄሪካናቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ንፋስ በሚያገኝበት በኩል የሚያስሩት ለዚህ ነው። በቆዳ እርኮት የተያዘ ውሃ በረሃ ላይ የሚቀዘቅዘውም ቆዳው ትንሽ ትንሽ እያላበ ስለሆነ ነው። ቬንትሌተርም ሆነ የተሳቢው ንፋስ ትነቱን ያፈጥናሉ፤ የማቀዝቀዙ ሥራ ግን የውሃው ነው።

ከዚህ ተነስተን ብዙ ነገር ማስተካከል እንችላለን። ሰው ከሌለበት ክፍል ውስጥ የሚዞር ቬንትሌተር ለማንም ምንም አይጠቅምም። የጣሪያ ቬንትሌተር ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ዋት ይወስዳል፤ 70 ዋት የሚወስደው ለአሥር ሰዓት ቢዞር 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን ባዶ አልጋ ላይ የፈሰሰ ነው። ስትወጡ አጥፉት፤ ስትመለሱ ክፍሉን ሞቆ አታገኙትም፣ ቀድሞም አላቀዘቀዘውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከበድ ይላል። የቆዳችን ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል። አየሩ ከዚያ በታች ሲሆን ንፋሱ በሁለት በኩል ይረዳናል፤ ሙቀቱን በቀጥታ ይወስዳል፣ ላባችንንም ያተናል። አየሩ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ንፋሱ በአንድ እጁ ሙቀት ያመጣብናል፣ በሌላ እጁ ላብ እያተነ ይወስድልናል። የሚያዋጣው ላቡ እስካለ ድረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቬንትሌተርን ከ40 ዲግሪ በታች ብቻ እንድንጠቀም የሚመክረው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በላይ ንፋሱ ሰውነትን ያሞቃል ይላል።

ሰመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ450 ሜትር በታች ናት፤ በበጋና በክረምት መካከል ባሉት ወራት ቴርሞሜትሩ 40ን ማለፉ ለእኛ ወሬ አይሆንም። ታዲያ ምን እናድርግ? ውሃውን ከውጭ እንጨምር። እጅና እግርን፣ አንገትን፣ ፊትን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ፤ ነጠላ አርጥቦ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ። ይህ በተለይ ለአረጋውያን ነው። ሰው ሲያረጅ ላቡ ይቀንሳል፤ አያታችን ቬንትሌተር ሥር ደረቅ ሆነው «ደህና ነኝ» ቢሉም ቆዳቸውን ነክተን ማየት አለብን። ቆዳው ደረቅና ትኩስ ከሆነ፣ ንግግራቸውም ከተደናገረ፣ ነገሩ የቬንትሌተር ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል፤ እያረጠቡ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

የእኛ ቆላ ደረቅ መሆኑ በዚህ ረገድ ጠቅሞናል። ከሰመራ ተነስቶ ጅቡቲ ወደብ የሚደርስ ሹፌር ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል፤ ባሕሩ ዳር አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላብ በቀላሉ አይተንም፣ ያው ቬንትሌተር እዚያ ሲደርስ የደከመ ይመስላል።

ማታ ደግሞ ዘዴው ይለወጣል። ፀሐይ ጠልቃ ውጭው ከውስጥ ሲቀዘቅዝ የጠረጴዛውን ቬንትሌተር አንዱ መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ አቁሙት፤ በሌላኛው በኩል በር ወይም መስኮት ክፈቱ። የቀኑን ሙቀት እየጠረገ ያወጣል፣ በምትኩ የሌሊቱ አየር ይገባል። በዚህ ጊዜ ብቻ ነው ቬንትሌተር ክፍልን አቀዘቀዘ ማለት የምንችለው። የአፋር እናቶች የሰሌን ቤታቸውን ምንጣፍ ከሥሩ ገለጥ አድርገው ንፋስ ሲያስገቡ ይህንኑ ያለ ሞተር ይሠራሉ።

ለቅድሙ ሙከራ የአንዱን ቬንትሌተር ሶኬት ከነቀላችሁ አይቀር የክንፉን ጠርዝ በጣታችሁ ዳሱት። አቧራ። በቀን አሥር ሰዓት ንፋስ የሚሠራ ነገር እንዴት የራሱን አቧራ ማራገፍ ያቅተዋል? ይባስ ብሎ አቧራው የሚወፍረው አየሩን ቀድሞ በሚሰነጥቀው ጠርዝ ላይ ነው፤ ሳትዳብሱት ወደ ብርሃን ብታዞሩት ግራጫ ክር የተሰፋበት ይመስላል።

ምክንያቱ ቆዳችን ላይ ካየነው ጋር ዘመድ ነው። ክንፉን የነካው እጅግ ስስ የአየር ሽፋን ከክንፉ ጋር ተጣብቆ አብሮት ይዞራል። አንድ ጣት ራቅ ብሎ አየሩ ይጋልባል፤ ገጹ ላይ ግን ጸጥታ ነው። ደቃቅ አቧራ ከክንፉ ጋር ተጋጭቶ እዚያ ጸጥታ ውስጥ ከገባ የሚያወጣው የለም። በመጀመሪያ አየሩን የሚገጥመው ጠርዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጋጫል።

ሰሃን ላይ ጥቂት የጤፍ ዱቄት ነስንሱና ከጎን እፍ በሉበት። ጓል ጓሉ ይበርራል፤ ሰሃኑን የነካው ብናኝ ግን ይቀራል። ጠንክራችሁ ብትነፉም ይቀራል። በጣታችሁ ጥረጉት፣ ወዲያው ይጠፋል። ተሳቢዎች ከጋላፊ እስከ አዋሽ በዚያ ሁሉ ፍጥነት መጥተው ኮፈናቸው ላይ ያለው አቧራ የማይራገፈውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ክንፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የተቆለለ አቧራ የክንፉን ቅርጽ ያበላሻል፤ አንዱ ክንፍ ከሌላው ከከበደም ቬንትሌተሩ መንቀጥቀጥና መጮህ ይጀምራል።

እግረ መንገዳችሁን የጠረጴዛውን ክንፍ ከመሃል እስከ ጫፍ በዓይናችሁ ተከተሉት። መሃሉ ጋ በጣም ጋደል ብሏል፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ ለጥ ይላል። በአንድ ዙር ጫፉ የሚጓዘው መንገድ ከመሃሉ በብዙ ይረዝማል፣ ስለዚህ ይፈጥናል፤ የሚፈጥን ገጽ ደግሞ ትንሽ መጋደል ይበቃዋል። ይህን መጠማዘዝ ልብ ካላችሁት አዳማ ላይ እንደገና ታገኙታላችሁ።

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትወርዱ ኮረብታው ላይ የቆሙትን ነጫጭ የንፋስ ተርባይኖች ያላየ መንገደኛ የለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው በ2015 በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ነው። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ወደ 77 ሜትር ይደርሳል።

ከመኪና ውስጥ ሲታዩ ቀስ ብለው የሚዞሩ ይመስላሉ። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። 77 ሜትር የሚሰፋ ክብ በደቂቃ 17 ጊዜ ቢዞር የክንፉ ጫፍ በሰዓት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አጠገባችሁ የሚሄድ የትኛውም መኪና አይደርስበትም።

የወረቀቱ ሽክርክሪት አራት ሰፋፊ ኪሶች ሲኖሩት እነዚህ ለምን ሦስት ቀጫጭን ክንፎች ብቻ አሏቸው? ሰፊ ኪስ በትንሽ ትንፋሽ ይነሳል፤ ለልጅ መጫወቻ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ነገር ግን ኪሱ በንፋሱ ስለሚገፋ ከንፋሱ ብዙ ሊፈጥን አይችልም። ቀጭኑና የተጠማዘዘው ክንፍ አየሩን እየሰነጠቀ፣ እንደ አውሮፕላን ክንፍ እየተሳበ፣ ከራሱ ከንፋሱ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ሦስት ሆነው ያንን ሰፊ ክብ የሚሞሉት በፍጥነታቸው ነው፤ የትኛውም ንፋስ ክንፍ ሳያገኘው አልፎ አይሄድም።

መሐንዲሶች ኮረብታ የሚመርጡበትም ምክንያት አለ። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያልፈው አየር እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ አየር የተሸከመው ጉልበት ደግሞ አራት እጥፍ ነው፤ ሁለት በአራት ስምንት። ሽክርክሪታችሁን ይዛችሁ ባጃጅ ውስጥ ተቀመጡና ከመንደር ወጥቶ ሲፈጥን ያዙት፤ ይህ ስምንት እጥፍ ወረቀቱን ሲበጣጥሰው ታዩታላችሁ። እጃችሁን ወደ ውጭ ሳታወጡ፣ ከውስጥ ሆናችሁ።

ሁሉንም ጉልበት መውሰድ ግን አይቻልም። ጀርመናዊው አልበርት ቤትዝ ከመቶ ዓመት በፊት አስልቶ እንዳሳየው ሽክርክሪት ከንፋሱ ሊወስድ የሚችለው ቢበዛ 59 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱ ሲያስቡት ደስ ይላል። ሁሉንም ከወሰድን አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ ለሚከተለው መንገድ ይዘጋል። ንፋሱ ሥራ እንዲሠራልን ማለፊያ ልንተውለት ግድ ነው።

አዋሽ ወንዝም የራሱ ሽክርክሪቶች አሉት። ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ማመንጫ 43 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ከእሱ ዝቅ ብለው አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው ተከተሉ። አዋሽ ሰባት ድልድይ ላይ ቆማችሁ ከታች የምታዩት ውሃ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ሦስት ቦታ ጋደል ያሉ ክንፎችን አዙሮ መጥቷል። ውሃ ከአየር ከ800 ጊዜ በላይ ስለሚከብድ የውሃው ሽክርክሪት 77 ሜትር መሆን አያስፈልገውም፤ አንድ ክፍል ውስጥ የሚገባው ብዙ ይሠራል።

አዋሽ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ በሚኤሶ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በገዋኔና ሚሌ ወደ ሰመራ። በሁለተኛው የሚወርድ ተሳቢ ሁሉ አፍንጫው ውስጥ አንድ ትልቅ ቬንትሌተር ይዟል። ከራዲያተሩ ኋላ ቆሞ የውጩን አየር በራዲያተሩ ቀዳዳዎች ይስባል። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ የጉዞው ንፋስ ራሱ ስለሚበቃ በብዙ መኪኖች ላይ ቬንትሌተሩ በዝግታ ይዞራል፤ ሞተሩ ሲግል ብቻ በኃይል ይነሳል። ንፋሱ ከኋላ ሆኖ ዳገት ሲገጥም ነው ሹፌሩ የሚጨነቀው፤ መኪናው በዝግታ ይሄዳል፣ ንፋሱ አብሮት ይሄዳል፣ ራዲያተሩ የቆመ አየር ይገጥመዋል። ረዳቱ ጆሮውን ሰጥቶ የቬንትሌተሩን ጩኸት የሚያዳምጠው በዚያን ጊዜ ነው።

የወረቀቱን ሽክርክሪትና የአዳማን ተርባይኖች የሚያዞረው ንፋስ ራሱ ከየት እንደሚነሳ ለማየት ቡና እስኪፈላ ጠብቁ። ከወረቀት እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ ወደ መሃል የሚገባ ክብ ቁረጡ፤ መሃሉን በክር አንጠልጥላችሁ ከከሰሉ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ ወረቀት መሆኑን አትርሱ፣ እሳቱ እንዳይደርስበት። ማንም እፍ ሳይልበት ይዞራል። ከከሰሉ የተነሳው ትኩስ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ጋደል ያለውን ወረቀት እየገፋው ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታግል በዚህ ሸለቆ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ የጋለው አየር ይነሳል፣ በቦታው ሌላው ይሮጣል፣ ያ ሩጫ ንፋስ ይባላል።

ሰመራና ሎግያ መካከል፣ ወይም ከዱብቲ በላይ ባለው ሜዳ፣ ቀትር ላይ የአቧራ አዙሪት ሲነሳ ስታዩ አየሩ ያለ ክንፍና ያለ እሾህ ሲዞር እያያችሁ ነው። አንድ ቦታ መሬቱ ከዙሪያው በላይ ይግላል፤ አየሩ በዚያ በኩል ተስቦ ይወጣል፤ ከዙሪያው የሚሮጠው አየር ትንሽ መዞር ካለው ወደ መሃል በጠበበ ቁጥር ይፈጥናል፣ አቧራውን ይዞ ይቆማል። ትልልቆቹ የባሕር አውሎ ነፋሶች የሚዞሩበትን አቅጣጫ የምድር መዞር ይወስንባቸዋል፤ እነዚህ ግን ትንሽ ስለሆኑ ወደ ቀኝም ወደ ግራም መዞር ይችላሉ። በሚቀጥለው ቀትር ከልጆቻችሁ ጋር ጥላ ሥር ሆናችሁ ከሩቅ ለዩት፤ ወደ ቀኝ የሚዞረውን በአንድ ወገን፣ ወደ ግራ የሚዞረውን በሌላ ወገን ደብተር ላይ ምልክት እያደረጋችሁ ቁጠሩ። አቧራው ራሱ አቅጣጫውን ያሳያችኋል።